ከመድረክ ወርጄ ማስተማር ልጀምር?

የጣና ዳሯ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ባሌት ተምሬ ለዓመታት መድረክ ላይ ሠርቻለሁ፤ ወደ አገሬ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ከባህል ቡድን ጋር እስክስታ እጫወታለሁ። አሁን ቀኝ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ዘልዬ ሳርፍ ያመኛል፣ ማታ ማታ ያብጣል። የሰፈር እናቶች ልጆቻችንን አስተምሪልን እያሉኝ ነው፣ እኔም የራሴን የውዝዋዜ ሥራ ማቀናበር ያምረኛል፣ ግን መድረኩን መተው ሳስብ ሆዴ ይባባል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከምን ልጀምር?

የማርቆሱ መምህር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጉልበትሽን ለአጥንት ሐኪም አሳዪ። እስከዚያ አትዝለዪ። ዕድሜሽ አያሳፍርሽ፤ ፓሪስ ኦፔራ እንኳ የባሌት ዳንሰኞቹን በ42 ዓመታቸው ጡረታ ያወጣል። ሩሲያዊቷ የባሌት ዳንሰኛ አግሪፒና ቫጋኖቫ በ1916 እ.ኤ.አ. ከመድረክ ስትወርድ አርባ አልሞላትም ነበር። ስሟ የገነነው ከዚያ በኋላ በማስተማር ነው። በ1934 ያሳተመችው መጽሐፍ እስካሁን ይሠራበታል፣ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው አካዳሚም በስሟ ይጠራል።

ብቻ መጫወትና ማስተማር ለየቅል ናቸው። እኔ መጀመሪያ «እንደኔ አድርጉ» ነበር የምለው፣ ልጆቹ መልኩን ይቀዱና ጉልበታቸውን ያጣምማሉ። እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ እንጂ ከጉልበት እንዳልሆነ ሰውነቴ ያውቀዋል፣ አፌ ግን ተናግሮት አያውቅም ነበር። ሰውነትሽ ሳያስብ ለሚሠራው ነገር ሁሉ ቃል ፈልጊለት። እሱን ገና መድረክ ላይ እያለሽ ጀምሪ።

ከዳንግላ፦
ወለሉን አደራ! እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሊሾ ላይ ሳዘልላቸው ቆይቼ የልጆቹን ቅልጥም ሲያማቸው ነው የነቃሁት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሥሩ ሞራሌ አስደርገሽ ጣውላ አስመቺበት፣ ትንሽ ይተጣጠፍ። እናቶች በጣት ጫፍ የሚቆምበትን ጫማ ቶሎ ይጠይቁሻል። 11፣ 12 ዓመት ላልሞላት ልጅ እምቢ በይ፣ አጥንቷ አልጠናም። ከዚያ በላይም ብትሆን ቁርጭምጭሚቷ እስኪጠነክር ትቆይ።

የድሮ ኪነት፦
ልጄ፣ እኔ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ተጫውቻለሁ። ስለ ማቀናበሩ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሠርግ ላይ ሰው የሚነሳው ስሜቱ ሲመጣ ነው፤ ዘፋኙ ይጠራዋል፣ ይግደረደራል፣ ትከሻው ቀስ ብሎ ይጀምርና ጭብጨባው እየጋለ ሲሄድ ነው ደረቱም አንገቱም የሚከተለው። እኛ ለመድረክ ብለን ሁሉንም በሰልፍ አቁመን በአንድ ምት አስጀመርናቸው። ያምር ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ያ መግደርደሩ ጠፋ። አንቺ ባሌቱንም ስለምታውቂ በእስክስታው ላይ ልትደርቢው ትቸኩያለሽ። ቆይ በይ። መጀመሪያ ገጠር ውረጂ፣ ትልልቆቹን እናቶች ተመልከቺ፣ ለምን እዚህ ጋ ቆሙ ብለሽ ጠይቂ።

የጣና ዳሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሊሾውን ነገር ባትነግሩኝ በረንዳዬ ላይ ልጀምር ነበር፤ አሁን አናጢ ጠርቻለሁ። ጋሼ፣ የሚሉት መግደርደር እኔም ላይ የለም፣ ሙዚቃው ሲጀምር አብሬ ነው የምጀምረው። በጥር ደጀን የዘመድ ሠርግ አለብን። ሳልነሳ ቁጭ ብዬ አያለሁ።