«የተመረጠ ጆሮ» እና የባሕር ዳሩ የምስጢር ምሽት

የማርቆስ ልጅ፦
ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር የተደረገውን ሰምታችኋል መቼም። የእኛው ዘፋኝ አዲሱን አልበሙን ከመልቀቁ በፊት ጥቂት አድናቂዎችን በምስጢር ጠርቶ አሰምቷል። ስልክ በር ላይ ተሰብስቧል። ቦታው የተነገራቸው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። ይሄ ሁሉ ይሁን እሺ። ያንገበገበኝ ከተጠሩት አንዷ በማግስቱ የጻፈችው ነው፦ «አልበም ሕዝብ ጋ ከመድረሱ በፊት የተመረጠ ጆሮ ይፈልጋል።» የእኔ ጆሮ ምን ጎደለው? ከመጀመሪያው ነጠላ ዜማው ጀምሮ የተከተልነው እኛ ነን። በየሠርጉ እያስከፈትን ስሙን ያስለመድነው እኛ ነን። ይሄን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም።

ጣና ዳር፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔው ልመልስ። ማንንም ለማሳነስ አልጻፍኩትም። የሆነውን ልንገርህና ከዚያ ፍረድ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ግቢ ነው። ውጭ ባነር የለም፣ ዘበኛውም ዝም ብሎ ነው የሚያስገባው። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ስልካችንን እየተቀበለች ካኪ ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ ስማችንን በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ከፊቴ ሁለት የነርሲንግ ተማሪዎች። ዘፋኙ መድረክ ላይ አልወጣም፣ መሀላችን ተቀመጠ። እያንዳንዱ ዘፈን ከመከፈቱ በፊት ግጥሙ ከየት እንደመጣ ነገረን። ከዚያ ዝም ብለን ሰማን። ማሲንቆው ብቻውን የሚገባበት ዘፈን ላይ የባጃጁ ልጅ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ያንን ዘፈን ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ ባገኘው ኖሮ በጣቴ ገፋ አድርጌ አልፈው ነበር። የተመረጠ ጆሮ ያልኩት እንደዚያ ቁጭ ብሎ የሚሰማውን ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
ጥሩ ጽፈሻል እህቴ። ጥያቄዬን ግን አልመለስሽም። ማን መረጠ? በምን መረጠ? ከማርቆስ ስንት ሰው ተጠራ? ከሞጣስ? ከብቸናስ?

ጣና ዳር፦
መልእክቱ የደረሰን የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ብዙ የቆየን ሰዎች ነን። ከማርቆስ የመጣ አላየሁም። መንገዱን ግን ራስህ ታውቀዋለህ። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሰዓት ተነግሮት ለማታ ከማርቆስ ማን ይደርሳል?

የማርቆስ ልጅ፦
ተመልከቱልኝ፣ ራሷ ተናገረችው! አትደርሱም ብሎ የወሰነልን ማን ነው? ከሳምንት በፊት ቢነገረን ቡሬም ፍኖተ ሰላምም አድረን እንመጣ ነበር። እና የተመረጠው ጆሮ አይደለም፣ ለሐይቁ የቀረበ ቤት ነው። ያለው ይሄው ነው።

የሸገሩ ጎጃሜ፦
ወገኖቼ፣ ትልቁን ነገር ረሳችሁት። አልበም ሲመረቅ ሁልጊዜ አዲስ አበባ፣ ያውም ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው። ይሄኛው መጀመሪያ አገሩ ገባ። በዚህ ደስ ሊላችሁ ሲገባ እርስ በርስ ትባላላችሁ። ደግሞ ነገሩ ዓለም የሚያውቀው ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2014 አልበሟ ከመውጣቱ በፊት ከኢንተርኔት የተመረጡ አድናቂዎቿን ቤቷ ድረስ ጠርታ አሰምታለች። ብስኩት ጋግራ ነው ያበላቻቸው። ያልተጠራው አድናቂ ተሰደብኩ ብሎ ሲነሳባት አልሰማሁም።

ሚሞሪ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ፣ የአሜሪካኑን ለአሜሪካን ተውለት። እዚያ አልበሙ የወጣ ቀን ያልተጠራውም ከተጠራው እኩል ስልኩ ላይ ያገኘዋል። እኛ ጋ እንደዚያ ነው? እኔ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን እጭናለሁ። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ አዲስ ዘፈን በፍላሽ፣ በሹፌር እጅ ነበር የሚመጣልኝ። ገበሬው ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ የስልኩን ክዳን ፈልቅቆ ሚሞሪዋን ያወጣታል። በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠኛል። «ሙላልኝ፣ አሮጌውን እንዳታጠፋብኝ» ይለኛል። ሸቀጡን ሸጦ እስኪመለስ እጭንለታለሁ። ያ ሰው እርሻ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ዘፈን ይሰማል። ከዚህ በላይ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ከየት ይመጣል? ስልክ በር ላይ ሲሰበሰብ ደግሞ እኛን ሌባ ማለት ነው።

ጣና ዳር፦
ገበሬውን አከብረዋለሁ። አንተን ግን ልጠይቅህ። ከዚያ ሁሉ ሙላልኝ ለዘፋኙ አንድ ብር ደርሶት ያውቃል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የወጣው በ1996 ነው፣ ቁጥር 410። በ2007 ደግሞ ተሻሽሏል። ሰውየው ስቱዲዮ ከፍሎ፣ አቀናባሪ ከፍሎ፣ ግጥምና ዜማ ገዝቶ ሲያበቃ ባልወጣ አልበም ላይ ስልክ ይቀረጽበት? የተሰበሰበው በትክክል ለዚህ ነው።

ሚሞሪ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
አዋጁን አውቀዋለሁ። ክፍያ የሚቀበለኝና ፈቃድ የሚሰጠኝ ቢሮ ፍኖተ ሰላም ላይ አሳዪኝ፣ ነገ ጠዋት ሄጄ እከፍላለሁ። እስካሁን የመጣ የለም። ካሴቱም ሲዲውም ከገበያ ጠፋ። ያ ሰው ዘፈኑን በምን ይስማ? ዩቲዩብ ክፈት ልበለው ቁልፍ ስልክ ለያዘ?

የሸገሩ ጎጃሜ፦
ክርክሩ ወደ ሚሞሪ ሄደ እኮ። ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሚሞሪ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
ሌላ አይደለም። የተመረጠ ጆሮ የሚባለው ሁልጊዜ ኔትወርክ ያለበት ነው የሚመረጠው። በቴሌግራም ነው የተጠራነው አለች አይደል? የእኔ ደንበኛ ቴሌግራም የለውም።

የካሴት ዘመን (ዳንግላ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ልበል። በእኛ ጊዜ አዲስ ካሴት ሲወጣ ሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ ያወጣዋል። የሚገዛውም የማይገዛውም ቆሞ ይሰማል። ሊስትሮው ይሰማል፣ ጠላ ሻጯ ትሰማለች፣ ከአስኳላ የሚመለሰው ልጅ ይሰማል። መንገደኛው ቆሞ እስከ መጨረሻው ከሰማው ያ ካሴት ይሸጣል። ጥሎ ከሄደ አይሸጥም። ዘፋኙን የሚመዝነው መንገደኛ ነበር። የቻግኒ ልጅ የሆነችው ጂጂ ዘፈን ሲመጣ እኔ ፈቃድ የጠየቅሁት ሰው የለም። ሄጄ ገዛሁ፣ እስከ ዛሬም ቤቴ አለ። እና ልጄ ጣና ዳር፣ የምሽቱን ነገር አልጠላሁትም። በጆሮ ላይ ምርጫ ማውጣታችሁ ነው የከበደኝ።

ጣና ዳር፦
ጋሼ፣ ቃልዎን አከብራለሁ። ግን ያ ስፒከር ዛሬ የለም። ዛሬ መንገደኛው ቆሞ አይሰማም፣ የራሱን ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚያልፈው። ሰው ሰብስቦ ማሰማት ካልተቻለ በምን ይመዘን ይላሉ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እኔ ጣና ዳርን እደግፋለሁ፣ ምክንያቴም ከእዚሁ ከአገራችን ነው። ዲማም ሆነ ዋሸራ ቅኔ እንዴት እንደሚማሩ ታውቃላችሁ። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ቤት መምታቱን ያያሉ፣ ቃሉን ያርማሉ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይጥሉታል። ማኅሌት ላይ የሚወጣው ይሄን ሁሉ አልፎ ሲጎለምስ ነው። ከሕዝብ በፊት የሚያርም ጆሮ መኖሩ ጎጃም ላይ አዲስ ነገር ሆኖ ነው የምትገረሙት? የቅዳሜው ምሽት ነገራ ነው፣ ለየኔታ እንደሚነገረው፤ በቃ።

የማርቆስ ልጅ፦
የኔታ የተመረጡት በዕውቀት ነው ወንድሜ! ስንት ዓመት ኮቸሮ ለምነው፣ ደበሎ ለብሰው ነው ያ ወንበር ላይ የተቀመጡት። ቴሌግራም ላይ ልብ ስለላከ ነው አንድ ሰው የኔታ የሚሆነው? የተመረጠ ጆሮ ካላችሁ ማን እንዳስተማረው ንገሩን። ደግሞ የኔታ ያርማሉ። እነዚህ ምን አረሙ? ቡና ጠጥተው፣ ፈንዲሻ በልተው፣ አልቅሰው ተመለሱ።

ጣና ዳር፦
ምን እንዳረምን ልንገርህ። አንዱ ግጥም ላይ ዓባይን ከጮቄ ተራራ አስነስቶ ያወርደዋል። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። የሰከላ ልጅ ነው። «ወንድማችን፣ ጮቄን እንወደዋለን፣ ብዙ ወንዝም ይሰጣል። የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ግን እኛ ጋ ሰከላ ነው ያለው። ይሄን ይዘህ እንዳትወጣ» አለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ዘፋኙ ተነሳና ልጁን አቀፈው። ያንን ስንኝ ደግሜ እቀዳዋለሁ አለ። አልበሙ እንዲሁ ወጥቶ ቢሆን ማን ነበር ቀድሞ የሚሰድበው? እኛው ነን።

የሸገሩ ጎጃሜ፦
ቆይ ቆይ፣ ምስጢር ነው ተብለሽ የግጥሙን ነገር እዚህ ታወጪዋለሽ? ስልክሽ ታሽጎ አፍሽ ክፍት ቀረ ማለት ነው። እኔ ስደግፍሽ ነበር፣ ይሄ ግን እምነት ማጉደል ነው።

ጣና ዳር፦
የሚቀየር ስንኝ ነው የተናገርኩት። ዜማውን አላወጣሁም፣ የዘፈኑን ስምም አልጠራሁም።

የሸገሩ ጎጃሜ፦
ቃል ቃል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ምሽት የሚያዘጋጅ ሰው በማን ይተማመናል?

ሚሞሪ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
እኔ ያልወጣ አልበም ጭኜ አላውቅም። ሌባ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

የሰከላ ሰው፦
ጸሐፊዋ የተናገረችውን ልጅ አላውቀውም፣ ግን እግዜር ይስጠው። እዚህ ምንጩ ያለበት ቦታ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር አንድ የጎጃም ዘፋኝ መሳሳቱ ያሳዝናል። ዓባይ ላይ ብዙ ተዘፍኗል። ምንጩን አይቶ የዘፈነ ስንቱ ነው? ወደ እኛ ብቅ ይበል። በዓል ሲሆን ሰው እንዴት ለጠበል እንደሚጎርፍ ይይ። ግጥሙ ያኔ ራሱ ይመጣለታል።

የማርቆስ ልጅ፦
እዚህ ላይ ነው እኔም የምይዛችሁ። የሰከላው ልጅ ያረመው በቴሌግራም ስለተመረጠ አይደለም፣ የሰከላ ልጅ ስለሆነ ነው። ያን ወንበር ያገኘው በዕድል ነው። አምስት የባሕር ዳር ልጅ ቢቀመጥበት ኖሮ ስሕተቱ ያልፍ ነበር። ከየወረዳው ሰው ቢጠራ ስንት ነገር ይታረም ነበር! ስለ ጮቄ የሚዘፍን ሰው የደብረ ማርቆስና የስናን ሰው እንዴት አይጠራም?

ጣና ዳር፦
ባሕር ዳርን ከጎጃም ማውጣት ጀመርክ ደግሞ?

የማርቆስ ልጅ፦
አላወጣሁም። ባሕር ዳር ሁሉ ነገር አላት ነው ያልኩት። ቢሮው እሷ ጋ፣ አውሮፕላኑ እሷ ጋ፣ ስታዲየሙ እሷ ጋ። ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ሲመጣም ባሕር ዳር ነው የዘፈነው። ያኔ ግን ትኬት የቆረጠ ሁሉ ገባ፣ ከማርቆስም ከእንጅባራም ሄዶ የገባ አለ። ማንም ጆሮህን አሳየኝ አላለውም።

የካሴት ዘመን (ዳንግላ)፦
አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ አይዘጋም። የገባው ሁሉ ግጥም ይሰጣል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል። ሰካራሙም ይሰጣል፣ ሊቁም ይሰጣል። ጥሩው ስንኝ ከማን እንደሚመጣ አይታወቅም። እናንተ የምትሉት እርማት እዚያ ሌሊቱን ሙሉ አለ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ አዝማሪ ስቱዲዮ አልገባም። የተናገረው ነገ ይረሳል፣ ሌላ ይመጣል። አልበም አንዴ ከወጣ አይመለስም። ከሕዝብ በፊት የሚሰማ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
እሺ፣ ሐሳብ ላቅርብ። ስሕተቱ ይታረም፣ አልበሙ ይጠናቀቅ። ከመውጣቱ በፊት ባለው ምሽት ደብረ ማርቆስ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ስፒከር ይውጣ። የመጣ ሁሉ ይስማ። ከፈለገ እኛ ወጣቶቹ ስልኩን በጆንያ እንሰበስብለታለን።

ጣና ዳር፦
ያ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። አደባባይ ላይ ፉጨት አለ፣ ጭፈራ አለ። ማሲንቆው ብቻውን የሚገባበት ቦታ አይሰማም። እኔ እንደዚያ እንዲሰማ አልፈልግም።

የማርቆስ ልጅ፦
ለማርቆስ ሰው ማሲንቆ ሲመጣ ዝም በል የሚለው አስተማሪ ያስፈልገዋል? ይሄን የጻፍሽውን ቆርጬ ለልጆቹ ሁሉ ልኬዋለሁ።

ጣና ዳር፦
ላክ። ከነሙሉው ላክ ግን፣ እንደ ቅድሙ አንድ ሐረግ ብቻ ነቅለህ አይሁን።

ሚሞሪ ቤት (ፍኖተ ሰላም)፦
የሚወጣበትን ቀን የሚያውቅ አለ? ሰው ከአሁኑ እየጠየቀኝ ነው። በሕጋዊ መንገድ ከራሱ ገዝቼ የምሸጥበት መንገድ ካለ ለዘፋኙ ቅርብ የሆነ ሰው ይንገርልኝ።

የሸገሩ ጎጃሜ፦
እሱን ደግሞ ጣና ዳርን ጠይቃት። እሷ መቼም አትደብቅም።

ጣና ዳር፦
ቀኑን አውቀዋለሁ፣ አልናገርም።