ከቴሌቪዥን፣ ከአምፕሊፋየርና ከስፒከር የቱን ላስቀድም?

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የምኖር ስሆን፣ የሳሎኔን የድምፅና የምስል መሣሪያዎች አቅሜ በፈቀደ መጠን አንድ በአንድ ለመቀየር አስቤ ከየትኛው እንደምጀምር ግራ ስለገባኝ፣ የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያለኝ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥንና የኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያስተላልፍ) መሰኪያ የሌለው አሮጌ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከሮችና አንድ የጎርናና ድምፅ ስፒከር ያሉት) አምፕሊፋየር ከነስፒከሮቹ ነው።

ዋናው ችግሬ ንግግር አለመሰማቱ ነው፤ ሙዚቃውና ፍንዳታው ቤቱን ሲያናውጠው ተዋናዮቹ የሚሉት ግን አይለይም። በ5.1 አሠራር ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሀለኛው ስፒከር ስለሆነ እሱን ብቻ ልቀይር ብል፣ እዚሁ ከተማችን ታይዋን ገበያ ያገኘሁት ባለ 4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አምፕሊፋየሩን የበለጠ ያሞቃል) ሲሆን የአምፕሊፋየሩ ጀርባ ደግሞ ከ6 ኦም በታች እንዳይገጠም ያስጠነቅቃል። በዚያ ላይ በከተማችን ሙቀት የአምፕሊፋየሩ ክዳን ከአሁኑ እጅ አያስነካም፤ መብራቱም ከፍ ዝቅ ስለሚል ከሁሉ በፊት ስታቢላይዘር መግዛት ይኖርብኝ ይሆናል።

ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ይቀየር ባይ ናት፤ እኔ ግን ምስሉ አላስቸገረኝም። ወለሉ ምንጣፍ የሌለው ሴራሚክ በመሆኑ ድምፁን የሚያስተጋባውም እሱ ሊሆን እንደሚችል እጠረጥራለሁ። ታዲያ መጀመሪያ ምንጣፍ አንጥፌ የመሀለኛውን ስፒከር ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ከፍ አድርጌ ልሞክር ወይስ በቀጥታ አምፕሊፋየሩን ልቀይር?