የድጎማ ተቀባዩ ስም ይለጠፍ?

የዛሬው መከራከሪያ፦ መንግሥት ለገበሬ የሰብል ድጎማ ሲከፍል፣ ማን ስንት እንደወሰደ በስም ይፋ ይሁን ወይስ አይሁን? ተከራካሪዎቹ ግብር ከፋዩ፣ ለገበሬው የሚናገረው ማሳው፣ ፍትሕና መዝገብ ናቸው።

ግብር ከፋዩ፦ ይሁን! ምኑ ያከራክራል? የሕዝብ ገንዘብ ነው። ድጎማ ሲባል ሁሌ የሚታየን ትንሽ ማሳ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረትን ሂሳብ እዩት እስቲ። ኮሚሽኑ ራሱ እንደሚለው ከቀጥታ ክፍያው 80 በመቶ ገደማ የሚደርሰው ለ20 በመቶዎቹ ተቀባዮች ነው። ክፍያው በአብዛኛው በሄክታር ስለሚሰላ ብዙ መሬት ላለው ይጨመርለታል።

ማሳው፦ ቀስ በል ወንድሜ። ዝርዝሩ የገባውን እንጂ የወጣውን አያሳይም። የማዳበሪያው ወጪና የባንክ ዕዳው የት ተጻፈ? ደግሞ መሬቱን ያከራየው ሰውዬም ያነበዋል። በሚቀጥለው ውል ኪራይ ይጨምራል፣ ድጎማው እሱ ኪስ ገባ ማለት ነው።

ግብር ከፋዩ፦ ባለመሬቱ ለዚህ ዝርዝር አያስፈልገውም። በሄክታር ስንት እንደሚከፈል ደንቡ ላይ አለ።

ፍትሕ፦ ስም የመለጠፉ ጉዳይ ግን ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የግለሰብ ገበሬዎችን ስም ያለ ልዩነት መለጠፍ ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ሕጉን በከፊል ሻረው። ኩባንያዎችን ግን አልሸፈነም። በ2013 ሕጉ ተሻሽሎ ተመለሰ፦ ስም ይወጣል፣ ከ1,250 ዩሮ ያልበለጠ የወሰደ ትንሽ ገበሬ ስሙ ይሸፈናል፣ መረጃው ለሁለት ዓመት ብቻ ይቆያል። እኔን የሚከነክነኝ ይህቺ ሁለት ዓመት ናት። አጣሪ ነገሩን ሲደርስበት ገጹ ጠፍቷል።

መዝገብ፦ ሁላችሁም ስም ላይ ተንጠልጥላችኋል። ስም ብቻውን ምን ይሠራል? አሜሪካን ውሰዱ። አንድ ሰው በዓመት የሚወስደው የድጎማ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 125,000 ዶላር ነበር። ሽርክና ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሸሪክ የራሱ ጣሪያ አለው። ስለዚህ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ የእህት ባል ሸሪክ ይሆናል። «እርሻውን አስተዳድራለሁ» ካለ፣ ቦት ጫማው ጭቃ ባይነካም ድጎማ የሚወስድበት መንገድ አለው። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ማንም ከጣሪያ አላለፈም!

የባሰው ደግሞ ኢንሹራንሱ ነው። እዚያው አገር መንግሥት ከሰብል ኢንሹራንስ አረቦን በአማካይ ከግማሽ በላዩን ይከፍላል። የቀጥታ ክፍያው ተቀባይ ስም ይገኛል፤ የአረቦን ድጎማው ተጠቃሚ ግን በሕግ ተሸፍኗል። አንዱን መስኮት ከፍተህ ገንዘቡን በሌላው ማውጣት ይሉሃል ይሄ ነው።

ፍትሕ፦ ስሎቫኪያዊው ጋዜጠኛ ያን ኩትሲያክም የድጎማ ገንዘብ ማን ኪስ እንደሚገባ ነበር የሚፈትሸው። በ2018 ከእጮኛው ጋር ስሎቫኪያ ውስጥ ተገደለ። ሳይጨርሰው የቀረው ዘገባ ከጣሊያን ማፊያ ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በምሥራቅ ስሎቫኪያ የግብርና ድጎማ እንደሚወስዱ የሚያሳይ ነበር። ለዚያ ዘገባ ተገደለ እያልኩ አይደለም፣ የፍርድ ሂደቱ ሌላ ጉዳይ ላይ ነበር። ግን መዝገቡ ክፍት ባይሆን ከየት ይጀምር ነበር?

ማሳው፦ እሺ፣ ለማፊያ ጥብቅና አልቆምም። ግን ለማፊያ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው ትንሹን ነው። ሕንድ መሬት ላለው ገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ጊዜ ትሰጣለች። የተቀባዩ ስም በየመንደሩ ይታያል። ለዚህች ገንዘብ ሰው በጎረቤቱ ፊት ይዘርዘር?

መዝገብ፦ መንደር ውስጥ እኮ ዝርዝሩ ላይ የገባውን የሞተ ሰው ስም የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ከዋና ከተማ የተቀመጠ ኦዲተር አያውቅም።

ማሳው፦ ከትልልቆቹ ጀምሩ እንግዲህ። የሸሪኮቹም የኢንሹራንሱም ይውጣ። ለትንሹ ግን ከዚያ በታች ስሙ የማይወጣበት ገደብ ይቀመጥለት፤ ካልሆነ ድምፄ «አይሁን» ነው።

ግብር ከፋዩ፦ ገደቡ ዝቅ ካለ እስማማለሁ። ከፍ ካለ ግን ትልቁም ድርሻውን ቆራርሶ ከገደቡ በታች ይደረድረዋል።