ለዘጌ ልጆች የምናቀርበው ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቃችን ሦስት አዲስ መማሪያ ክፍል እንሥራ ይላል። እኔም ደግፌው ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ጣና ሐይቅን ሁለቴ ተሻግሬ የዘጌን ትምህርት ቤት ካየሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

መስከረም ላይ መዝገቡ ሙሉ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ አንድ 3ኛ ክፍል ገባሁ። ሦስት ልጅ በሚይዘው ዴስክ ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ጓደኞችሽስ?» አልኳት። «ቡና ለቀማ» አለችኝ። እንደምታውቁት ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በጥንቱ ሥርዓት ክልክል ነው። ቤቱ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ቡና ከቀላ ቀን አይሰጥም፣ ልጅም ይለቅማል። ወላጅን መውቀስ አልችልም፤ የዓመቱ ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚያው ነው።

መጽሐፏን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ «ዓሣ!» አለች፣ ደስ ብሏት። ቀጣዩን ገጽ ገልጬ ሥዕሉን በእጄ ሸፈንኩት። ዝም አለች። ፊደሉን አታውቀውም። ሥዕሉን ነበር ያነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ስለዚህ ገንዘቡ ለማካካሻ ትምህርት ይዋል እላለሁ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል፣ ንባብ ብቻ፣ ለቀማው እንዳለቀ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ እውነት ብለሻል። ግን ክረምት ላይ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ እኔ ራሴ እዚያ እየበሰበስኩ ነው የተማርኩት። አዲሱ ግንባታ ይቅር፣ አንዱን ጣሪያ ግን እንጠግን። ደግሞስ ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ምንም አናደርግም? ክልላዊ ፈተናው ደርሶባቸዋል።

ጡረተኛ መምህር፦
ጋሼ፣ በጣሪያው እስማማለሁ። ለተፈታኞቹም ቢሆን የቅዳሜ ጥናት አይከፋም። ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ ግን ከታች እንጀምር። በ2014 የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ናቸው፣ በ2015ም ያው ነበር። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የተበላሸ አይደለም። 38 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ 3ኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ 6ኛ ክፍል ላይ የሒሳቡንም ጥያቄ ማንበብ ያቅተዋል። ከዚያ ያፍርና ይቀራል፣ ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይቀዝፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መምህራኑን ያለ አበል ቅዳሜ ግቡ አንበል። እነሱም ልጆች አሏቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እሺ፣ የሁላችሁንም ይዤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማኅበሩ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት፣ ለ1ኛ–3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ማካካሻ ትምህርት ለሚሰጡ መምህራን አበል ይከፍላል። ልጆቹ ቁርስ ይበላሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባላት ከወላጅ መምህራን ኅብረቱ ጋር ቤት ለቤት ዞረው ይመዘግባሉ፤ ታኅሣሥ ላይ የቀሩትንም ቤታቸው ሄደው ይጠይቃሉ። የአንድ ክፍል ጣሪያ ከክረምት በፊት ይጠገናል።»

የቁርሱን ወጪ ማን ያስላልን? እስከ ዓርብ ከደረሰኝ ቅዳሜ ለርዕሰ መምህሩ ይዤው እሻገራለሁ።