መዝሙር ሲዘመር ብትንበረከክ ከቡድን ሊያስወጧት ይችላሉ?

የልጅ አባት
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ ነው። የ16 ዓመት ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት የቮሊቦል ቡድን ውስጥ ትጫወታለች። ባለፈው ሳምንት ጨዋታ ሊጀመር ሲል ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ተንበረከከች። ለምን እንዳደረገችው አስረድታኛለች። እውነቱን ለመናገር ልቤ ድው ድው ብሏል፣ ግን አልተቆጣኋትም። አሰልጣኟ ግን ሁለተኛ ካደረግሽው አትሰለፊም አለቻት። ይሄን ከባለቤቴ ወንድም ጋር ስናወራ ተጨቃጨቅን። እሱ “ካፐርኒክም እኮ የተባረረው ሕጉ ስለማይፈቅድ ነው” ይላል፣ መዝሙር ላይ የተንበረከከውን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ሐሳብን መግለጽ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ማናችን ነን ልክ? ዓመቶቹን በፈረንጅ ጻፉልኝ፣ ለልጄም ስለማነብላት።

ፊሽካ
ሁለታችሁም ስታችኋል። አንተ ትንሽ ትሻላለህ።

በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነው። ኮንግረስ የመናገር ነፃነትን የሚገድብ ሕግ አያውጣ ይላል። ፍርድ ቤቶች ኋላ ላይ ክልሎችንም፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችንም እዚያው ውስጥ አስገቧቸው። የግል ቀጣሪን ግን አይነካም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው የሚቀጣው ማን እንደሆነ ነው። ካፐርኒክ የተጫወተበት የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል የግል ሊግ ነው፣ የልጅህ ትምህርት ቤት ደግሞ መንግሥት ነው።

ካፐርኒክን “ተባረረ” የሚለው ሁሌ ያናድደኛል። ሰውየው የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን ጥቃት የሚመራው ተጫዋች ነበር። ኦገስት 2016 ላይ መዝሙሩ ሲዘመር ተቀምጦ ቀረ፣ ፖሊስ በጥቁሮች ላይ የሚያደርሰውን ግፍ ለመቃወም። ከዚያ ኔት ቦየር የሚባል የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር አነጋገረውና ሴፕቴምበር 1 ላይ ከመቀመጥ ወደ መንበርከክ ዞረ። ወታደሮችን እንዳያስከፋ ተብሎ ከወታደር ጋር ተመክሮበት የመጣ ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ማርች 2017 ላይ ኮንትራቱን ያቋረጠው ራሱ ነው፣ ምንም እንኳ ክለቡ ባይወጣም እናሰናብተው ነበር ቢልም። ከዚያ በኋላ 32 ቡድን ባለበት ሊግ አንድም ያስፈረመው የለም። ቡድኖቹ ተመሳጠሩብኝ ብሎ ከሰሰና ጉዳዩ ፌብሩዋሪ 2019 ላይ በስምምነት ተዘጋ። ክሱ ግን በሕገ መንግሥት አልነበረም፣ በተጫዋቾች ማኅበርና በሊጉ መካከል ባለው የኅብረት ስምምነት ነው። ለባለቤትህ ወንድም ይሄን ንገረው።

የድሮ ወታደር
እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ጓደኛውን በባንዲራ ሸፍኖ የቀበረ ሰው ግን መዝሙር ሲሰማ የሚሰማው ሌላ ነው፣ ይሄን ለወጣቶቹ ማስረዳት አቅቶኛል። ተቃውሞ አይኑር አላልኩም። ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 ሪዮ ላይ እጆቹን ያጣመረው የማራቶኑን መጨረሻ መስመር ሲያልፍ ነው፣ በማንም መዝሙር ላይ አይደለም። ዓለም ሁሉ አየው። ሌላ ሰዓት መምረጥ ይቻላል ነው የምለው። ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ራሱ መዝሙር ሲዘመር ቁሙ ይላል፣ አይልም?

ሰነድ አገላባጭ
ጋሼ፣ ይላል። ግን ቅጣት የለውም። መቆም ይገባል ብሎ ይመክራል እንጂ ያልቆመ ይታሰር ወይም ይቀጣ አይልም። ሊጎች ግን የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማህሙድ አብዱልራውፍን በ1996 አልቆምም ሲል የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤንቢኤ አንድ ጨዋታ አግዶታል፣ በኋላ ቆሞ እንዲጸልይ ተስማሙ። ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ መዝሙሩ እየተዘመረ ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን ሲያነሱም ከቡድኑ ያስወጣቸው የኦሎምፒክ ሰዎች ግፊት ነው፣ ሕግ አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ ግን ጋሼ፣ ማንም የማያየው ሰዓት ላይ የሚደረግ ተቃውሞ ለማን ይጠቅማል?

እኔን የሚያሳክከኝ ሌላ ቦታ ነው። ሴፕቴምበር 2017 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ አላባማ ውስጥ በስብሰባ ላይ ቆመው የቡድን ባለቤቶች የሚንበረከኩትን እንዲያባርሩ ቀሰቀሱ። በሚቀጥለው ሜይ ባለቤቶቹ ሜዳ ላይ ያለ ሁሉ ይቁም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል ይቆይ የሚል ደንብ አወጡ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ሲቃወም ደንቡ ጁላይ ላይ ታገደ። የግል ሊግ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ግን አገሪቱን የሚመራ ሰው አባሩ እያለ ሲጮህ ሊጉ በራሱ ፈቃድ ብቻ ነው የወሰነው ማለት ይከብደኛል።

ፊሽካ
ወደ ልጅቷ እንመለስ፣ እዚያ ነው ሕጉ ጠንከር ያለው። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎች ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ፈረደ። ሰላምታ አንሰጥም ብለው ከትምህርት ቤት የተባረሩት የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከዌስት ቨርጂኒያ በመጣ ሌላ ጉዳይ ራሱን ገለበጠ፣ 6 ለ3። ያውም በዓለም ጦርነት መሃል፣ ጁን 14 ቀን 1943፣ የባንዲራ ቀን ላይ። (የከሰሰው ቤተሰብ ስም ባርኔት ነው፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አንድ ፊደል ጨምሮበት ጉዳዩ እስከ ዛሬ በስህተቱ ይጠራል።) በ1969 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ተማሪዎች አሸነፉ። ትምህርት ቤቱን በእውነት የሚያውክ ነገር ካልሆነ ዝም በሉ ማለት አይቻልም ተባለ። በ2017 ካሊፎርኒያ ውስጥ መዝሙር ላይ ለተንበረከከ የሁለተኛ ደረጃ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የፌዴራል ዳኛ ትምህርት ቤቱ ቁም ብሎ እንዳያስገድደው አግዶለታል። እሱ የአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፣ ሌላ ክልል ያለ ዳኛን አያስገድድም። ተማሪ ጨዋታ ላይ መዝሙር ሲዘመር ስለመንበርከኩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በቀጥታ አልፈረደም። ቢሆንም እኔ አንተን ብሆን አልፈራም።

ወደ ጠበቃ አትሩጥ። አሰልጣኟ ያለችውን በጽሑፍ ጠይቃት፣ ከዚያ ርእሰ መምህሩን አነጋግር። ብዙ ጊዜ አሰልጣኞች ደንቡን ስለማያውቁት ነው።

የልጅ አባት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለርእሰ መምህሩ ኢሜይል ልኬያለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለልጄ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ቆየችና “እሱንም አከብረዋለሁ በልልኝ” አለችኝ። “እሳቸውንም” በይ አልኳት፣ አማርኛዋ እዚያ ላይ ይሰበራል። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። አሰልጣኟ መንበርከኩን ሳታነሳ፣ ልምምድ ላይ ደክማለች ብላ ብታስቀምጣትስ?

የድሮ ወታደር
አክብራኛለችና እኔም አከብራታለሁ። ባልስማማም።

ፊሽካ
እሱ ነው ከባዱ። የተሰለፈችበትንና የተቀመጠችበትን ቀን ከዛሬ ጀምራ ትመዝግብ። ከተንበረከከችበት ቀን በፊት ስንት ጨዋታ ከመጀመሪያ እንደተሰለፈችም ጨምራ ትጻፍ።