የጋራ ማመልከቻው፦ ምን እናስቀር፣ ምን እናስገባ?

ጦሳ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአውሮፓ ቪኤልቢአይ መረብ (ተራርቀው ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዲሾችን እንደ አንድ ለሚያሠራው) የምናዘጋጀውን የምልከታ ማመልከቻ ረቂቅ አየሁት። መረቡ ለየትኛውም አገር አመልካች ክፍት ነው፤ የሚመዝነው ሳይንሱን ነው። የእኛ ግን የጋላክሲ ዝርዝር ብቻ ሆኗል። እኔ መጀመሪያ ካሊብሬተሩ (ማረሚያ የሚሆነን ደማቅ የሬዲዮ ምንጭ) ይመረጥ ባይ ነኝ። የምንፈልጋቸው ምንጮች ከ100 ማይክሮጃንስኪ (የሬዲዮ ድምቀት መለኪያ) በታች ናቸው፤ በጣም ደካማ ማለት ነው። ዲሾቹ በጣም ስለሚራራቁ ከባቢ አየሩ በየአንዳንዳቸው ላይ ሞገዱን ለየብቻ ያዛባዋል፤ ያለ እርማት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሲግናል መደመር አይቻልም። በጥቂት ደቂቃ ደግሞ እንዲህ የደከመ ምንጭ አይታይም። መውጫው በ2 ዲግሪ ውስጥ ደማቅ ጎረቤት ፈልጎ፣ ዲሾቹን በየጥቂት ደቂቃው ወደሱ እያዞሩ ማረም ነው። ጎረቤት የሌለው ጋላክሲ ከዝርዝሩ ይውጣ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው። የደቡብ አፍሪካው የሃርተቢስትሁክ 26 ሜትር ዲሽም ይጠየቅልን። በአህጉራችን ያለ ዲሽ ቢኖርበት ደስ ይለኛል፤ ከአውሮፓ ዲሾች መራቁም ደቃቁን ነገር ለይቶ ያሳያል።

አዝዋ (ደሴ)፦
እህቴ፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን በዲሾቹ መካከል ያለው ረጅም ርቀት ሰፋ ካለ አካባቢ የሚመጣውን ጨረር ያጠፋብናል።

ቦርከና፦
ጥያቄያችንስ እሱ አይደል? ሬዲዮው የሚመጣው ከጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ከሆነ ጠባብ ነውና በረጅሙም ርቀት ይቀራል። ኮከቦች ከሚወለዱበት ሰፊ አካባቢ ከሆነ ይጠፋል። መጥፋቱም መልስ ነው።

አዝዋ፦
ይህን አልክድም። ግን መጥፋቱ መልስ የሚሆነው ኖይዙ (ሲግናሉን የሚሸፍነው ሁከት) በጣም ዝቅ ሲል ብቻ ነው። ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ጊዜው አራት እጥፍ ይፈልጋል። ሰዓቱን ለስድስት ጋላክሲ ብናከፋፍለው ሁሉም አጠራጣሪ ሆነው ይቀራሉ። አንድ እንምረጥ፣ ከሰማይ ወገብ ብዙ ያልራቀ፤ ከአውሮፓም ከደቡብ አፍሪካም እንዲታይ። የጀርመኑ የኤፈልስበርግ 100 ሜትር ዲሽ ደግሞ የግድ ይግባ፤ ትንሹ ዲሽ ከትልቅ ጋር ሲጣመር ነው የሚጠቅመው።

ጦሳ፦
እኔም በአንድ ጋላክሲ እስማማለሁ። የሚያሳስበኝ ዳታው ሲመጣ የሚያስተካክለው ሰው ነው።

ቦርከና፦
አብሽሩ ጋሼ። የመረቡ ማኅደር ከአንድ ዓመት በኋላ ለሁሉም ይከፈታል። ካሳ የሚባለው ሶፍትዌርም ነፃ ነው። በካሊብሬተር የታረመ አንድ የቆየ ምልከታ አውርደን እዚህ ኮምቦልቻ እንለማመድበት።

ጦሳ፦
እንግዲያው አዝዋ የሳይንሱን ክፍል በአንድ ጋላክሲ ከልሶ ይጻፈው። ቦርከና ከማኅደሩ መለማመጃውን ምረጪ። የካሊብሬተሩን ፍለጋ እኔ እይዛለሁ፤ ባለ ሁለት ዲግሪው ገደብ ላይ ተቃውሞ ያለው አሁኑኑ ይጻፍ።