የአባቴን ኮሞዶር 64 እስፕሬይ ልቀባው ነው፤ ቁልፎቹንስ?

ጥያቄ፦ የፒያሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። አባቴ ጀርመን ሲማር የገዛው ኮሞዶር 64 አለን። በፈረንጆች 1982 የወጣው፣ ኪቦርዱና ኮምፒዩተሩ አንድ አካል የሆነው ቡናማው ነው። ፒያሳ ካለው ቤታችን ስንለቅ ከቁም ሳጥን ላይ አወረድነው። ክዳኑ ላይ የግድግዳ ቀለም ተንጠባጥቦበታል። በቀኝ በኩል ደግሞ የጋለ ካውያ አርፎበት ቀልጧል። የቀረው ቦታ ቢጫ ሆኗል።

አንድ ጋራዥ ጠየቅኩ። «በቲነር እጠቢውና አምጪው» አሉኝ። ደግነቱ መጀመሪያ ከሆዱ በኩል ጥግ ላይ ሞከርኩት። ፕላስቲኩ ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ወዲህ ፈርቻለሁ።

ሱቅ የሚሸጠው እስፕሬይ ፕላስቲክ ላይ ይይዛል? ቁልፎቹንም አብሬ ልቀባቸው? ለእንቁጣጣሽ ጨርሼ ለአባቴ ልሰጠው ነው ሐሳቤ።

መልስ፦ የተክለሃይማኖት ቀለም ቀቢ

እህቴ፣ ጥግ ላይ መሞከርሽ አድኖሻል። የዚህ ኮምፒዩተር አካል ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። አሴቶን ያቀልጠዋል። የጋራዥ ቲነር ውስጥ ደግሞ አሴቶንና መሰሎቹ አሉ። ስለዚህ ቲነር የሚባል ነገር አታስጠጊው። ለብ ባለ ውኃና በላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ሲደርቅ በአልኮል አብሺው። ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ ቀለም አይዝም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ኤቢኤስ ቀለም ይወዳል። የመኪና መከላከያ የሚሠራበት ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ልዩ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ይኼኛው አይፈልግም። ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን የፕላስቲክ ፕራይመር ካገኘሽ በቂ ነው።

ካውያው ያቀለጠውን በፕላስቲክ ስቱኮ ሙዪው። በ240 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረሽ በ400፣ ከዚያ በ600 ጨርሺ። ሌላውን ቦታ ግን አትፈግፍጊው። የነዚህ ዕቃዎች ገጽ ጥቃቅን ሸካራነት አለው። አንዴ ከጠፋ አይመለስም። በ600 በስሱ ዳበስ ብታደርጊው ይበቃል።

ስትነፊ ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ራቂ። የመጀመሪያው ዙር ጭጋግ ይምሰል፤ ፕላስቲኩ ከሥር እየታየ ይቅር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ዙር ልሸፍነው ይላል፣ ቀለሙ ይወርዳል። ሩብ ሰዓት እየጠበቅሽ ሦስት አራት ስስ ዙር ንፊ። በመጨረሻ ቀለሙ ላይ የሚነፋው ቀለም አልባው ክሊርም የማያብለጨልጨው ይሁን። ካንጸባረቀ የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ከሀርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር የሚደባለቀውን የጋራዥ ክሊር ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው። ለሳንባ አደገኛ ነው፤ እኛም ያለ ማስክ አንነካውም።

እንቁጣጣሽን ግን እርሺው። ነሐሴ ላይ አየሩ እርጥብ ነው። እርጥበት ያገኘው እስፕሬይ ላዩ ላይ ነጭ ጉም ይይዛል። ጥቅምትን ጠብቂ።

መልስ፦ ፀሐይ ላይ የማነጣ

ቀለሙ ለምን አስፈለገ? ቢጫነቱ እኮ ሳይቀባ ይለቃል። የፀጉር ቀለም የሚደባለቅበትን የፐርኦክሳይድ ክሬም፣ 12 ከመቶ የሆነውን፣ ከውበት ዕቃ መሸጫ ግዢ። ፋርማሲ ያለው 3 ከመቶ ደካማ ነው። ጓንት አድርገሽ ቀቢውና በላስቲክ ሸፍነሽ ፀሐይ ላይ አውጪው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ለዚህ ሥራ ኃይለኛ ናት። በየሰዓቱ ካላገላበጥሽውና ክሬሙን ካላዳረስሽው ግን ዝንጉርጉር ይሆናል።

ጠያቂዋ፦

አመሰግናለሁ። ካውያው ባይኖር ይኼንን እመርጥ ነበር። የቀለጠው ቦታ ስቱኮ ከገባበት ግን መቀባቱ የግድ ነው መሰለኝ። ቁልፎቹንስ?

መልስ፦ ቁልፍ ቀብቼ የተጸጸትኩ

እህት፣ ቁልፎቹን አትንኪ። እኔ አሚጋ 500 የሚባለው የኮሞዶር ኮምፒዩተር ነበረኝ። ቁልፎቹን በሙሉ ነቅዬ ካርቶን ላይ ደርድሬ ቀባኋቸው። ሲደርቁ ያምሩ ነበር። ችግሩ ሲገጠሙ መጣ።

መጀመሪያ ፊደሎቹ ጠፉ። ለተራ ኪቦርድ የሚሸጠውን ተለጣፊ ገዛሁ፣ ልኩም ምልክቱም አልመጣም። ያንቺ ደግሞ ይብሳል። የፓውንድ ምልክት የራሱ ቁልፍ አለው፤ ረን ስቶፕና ሪስቶር የሚባሉ ቁልፎችም አሉት። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የፊደል ቁልፍ ግንባሩ ላይ ሁለት ሁለት ትንንሽ የሥዕል ምልክት አለው። ያንን የሚተካ ተለጣፊ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ ቁልፎቹ ጎናቸው ላይ የቀለም ውፍረት ስለተጨመረ እርስ በርስ መፋተግ ጀመሩ። ሦስተኛ፣ በጣት ላብ ከወር በኋላ መላላጥ ጀመሩ። ክዳን በቀን አንዴ ይነካል፣ ቁልፍ ግን ሺህ ጊዜ ይመታል። ልዩነቱ ይኼው ነው።

ያንቺ ቁልፎች ጥቁር ቡናማ ናቸው፤ ቢጫነት አይታይባቸውም። ያለባቸው የእጅ ቅባትና አቧራ ነው። ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ንቀያቸው፣ ከሥራቸው ያለውን ስፕሪንግ እንዳይጠፋ ያዢ፣ በላርጎ ውኃ ዘፍዝፊያቸው። ሳትነቅዪ በፊት ፎቶ አንሺ። 66 ናቸው፣ ቦታቸውን ትረሺዋለሽ። ስፔስ ባሩ ከሥሩ ሽቦ አለው፤ በቀስታ።

መልስ፦ ጋሼ ቴስተር

ልጄ፣ ቀለሙን ልጆቹ ነግረውሻል። እኔ የማላልፈው ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት። ስትከፍቺው ከሆዱ በፊት በኩል ያሉትን ሦስት ብሎኖች በካቻቪቴ ፍቺ። ክዳኑን ግን ሽቅብ አትገንጥዪው። ኪቦርዱና ቀዩ መብራት ከቦርዱ ጋር በሽቦ ተያይዘዋል። ቀስ ብለሽ ከፍተሽ ሶኬቶቹን ንቀዪ። ቦርዱም ኪቦርዱም ወጥተው ባዶ ፕላስቲክ ብቻ ይቀባ። ከኋላ ያሉትን ጥርሶችና ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበትን ጠርዝ በወረቀት ስኮች ሸፍኚ። እዚያ ላይ ቀለም ከወፈረ አይዘጋም።

ዋናው ግን ይኼ ነው። የድሮውን የኃይል መስጫ ዝም ብለሽ እንዳትሰኪው። 5 ቮልት የሚሰጠው ክፍል ሲያረጅ ቮልቱ ከፍ ይልና የማስታወሻ ቺፖቹን ያቃጥላል። መጀመሪያ በቴስተር ይለካ። ከ5.25 በላይ ካሳየ አትጠቀሚበት። አምሮ ተቀብቶ ውስጡ የሞተ ዕቃ ለአባትሽ እንዳትሰጪ።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ይኼንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጥቁር ልቀባው ነው ያሰብኩት፤ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የተክለሃይማኖት ቀለም ቀቢ

ምርጫው ያንቺ ነው። እኔ ብሆን ግን የራሱን ቀለም እመልስለታለሁ። ጥቁር ቡናማ ቁልፍ ጥቁር አካል ላይ ይዋጣል። ክዳኑን ስትከፍቺ የውስጡን ፕላስቲክ እዪው፤ ፀሐይ ስላላገኘው ትክክለኛው ቀለም እሱ ነው። ይዘሽው ወደ ሶማሌ ተራ ነይ፣ ቀለም ቀማሚ በዓይኑ ያመሳስልልሻል። በጥሩ ቀን ብርሃን አስተያዪው እንጂ ሱቅ ውስጥ አምፖል ሥር አትወስኚ።

ጠያቂዋ፦ (ጥቅምት ላይ)

ጨረስኩት። እንቁጣጣሽ አለፈ፣ አባቴም ነገሩን አላወቀም ነበር።

የራሱን ቀለም አስቀመምኩ። ጠዋት ውርጭ ስለነበር ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው የተነፋው። ጊቢ ውስጥ ንፋሱ አቧራ ስላመጣብኝ ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ ውስጡ ቀባሁት። የፊት ምልክቱንና ከሆዱ በታች ያለውን የቁጥር ወረቀት በስኮች ሸፍኜ አተረፍኳቸው። አንድ ቦታ ወረደብኝ። ሁለት ቀን ጠብቄ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ፈግፍጌ ደገምኩት። ከዚያ ሳልገጥመው ሳምንት አስቀመጥኩት።

ቁልፎቹን አልቀባሁም። ታጥበው ሲደርቁ እንዳሉ ነበሩ። የአባቴ ጣት ያለሰለሳቸው ቁልፎች እስካሁን ያብረቀርቃሉ። ሪተርኑ ከሁሉም ይበልጣል።

ጋሼ፣ የኃይል መስጫው 5.9 አሳየ። ሳልሰካው ቀረሁ። አዲስ አሠርቼለታለሁ። ቅዳሜ አባቴ ራሱ አበራው። ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ሳያይ መጻፍ ጀመረ። ስፔስ ባሩ ብቻ በግራ በኩል ትንሽ ይያዛል፤ ሽቦውን በትክክል ያልመለስኩት ይመስለኛል። እንዴት እንደሚገባ ፎቶ ያለው ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።